በድራይሱት ውስጥ ሽንት ሲወጥር፦ ዳይፐር፣ ፒ-ቫልቭ፣ ካቴተርና ጽዳታቸው

ሽንት ቤት ደርሶ፣ ድራይሱቱን (ውሃ የማያስገባውን የጠላቂ ልብስ) ለብሶና ዚፑን ዘግቶ ውሃ የገባ ጠላቂ ብዙ ሳይቆይ እንደገና ሊወጥረው ይችላል። ይህ የፊኛ ድክመት አይደለም። ሰውነት ውሃ ውስጥ ሲገባ የውሃው ግፊት በእግርና በሆድ የነበረውን ደም ወደ ደረት ይገፋዋል። ቅዝቃዜው ደግሞ የቆዳን ደም ሥሮች ስለሚያጠብ ደሙ ከዳር ወደ መሀል ይሰበሰባል። ልብ ከወትሮው በላይ ሲሞላ የላይኛው ክፍሉ ይለጠጥና ኩላሊት ጨውና ውሃ እንዲያስወጣ የሚያዝ ሆርሞን ይለቃል፤ ሽንትን የሚቆጥበው ሆርሞንም አብሮ ይቀንሳል። ሰውነቱ ያለው ደም ያው ሆኖ ሳለ ኩላሊቱ የበዛ መስሎት ያፈስሳል ማለት ነው። አዋቂ ሰው ፊኛው ውስጥ ከ150 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ሲጠራቀም ስሜቱ ይጀምረዋል፤ ከ300 እስከ 500 ሲደርስ ሐሳቡ ሁሉ እዚያው ላይ ይሆናል።

በዌትሱት (ውሃ በሚያስገባ የጠላቂ ልብስ) የሚጠልቅ ሰው ይሸናል፣ ውሃው ያጥበዋል፣ ነገሩ ያልቃል። ድራይሱት ግን ውሃ እንዳያስገባ ሲባል የተሠራ ልብስ ስለሆነ ውስጡ የፈሰሰውንም አያስወጣም። ሽንቱ የውስጥ ሙቀት ልብሱን ያርሰዋል፤ ለጥቂት ደቂቃ ሞቆ ከዚያ በኋላ እስከ ጠለቃው መጨረሻ ያበርዳል። በረጅም የዲኮምፕሬሽን ቆይታ (ከጥልቀት ሲወጡ በሰውነት የተሟሟው ጋዝ ቀስ ብሎ እንዲወጣ በየደረጃው መቆም) ላይ እርጥብ ልብስ ለብሶ መቆየት ደግሞ ከመሸማቀቅ ያለፈ አደጋ ነው።

አለመጠጣት መፍትሔ አይደለም

ብዙዎች መጀመሪያ የሚያስቡት ከማለዳ ጀምሮ አፍን ከውሃ መከልከል ነው። ካሉት ምርጫዎች ሁሉ የከፋው ይኸው ነው። የሰውነት ፈሳሽ ማነስ ለዲኮምፕሬሽን ሕመም (ከጥልቀት ሲወጡ የተሟሟው ጋዝ በሰውነት ውስጥ አረፋ ሲሠራ ለሚመጣ ሕመም) ያጋልጣሉ ተብለው ከሚጠረጠሩት ነገሮች አንዱ ነው። ከሲሊንደር የሚተነፈሰው ጋዝ ደረቅ ስለሆነ በየትንፋሹ እርጥበት ይወስዳል፤ ከመግባት በፊት በወፍራም ልብስ ተጠቅልሎ መቆምም ያልባል። በዚያ ላይ ዘዴው አይሠራም። ኩላሊቱን የሚያዝዘው ወደ ደረት የተገፋው ደም ስለሆነ ያልጠጣውም ሰው ይሸናል፤ የሚሸናው ግን ጠቆር ያለና ቆዳ የሚያቃጥል ሽንት ነው።

የሚሻለው ከዋዜማው ጀምሮ እንደወትሮው መጠጣት ነው። ሽንቱ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ በቂ ጠጥተዋል። ከመግባትዎ በፊት ባሉት 2 ሰዓታት ግማሽ ሊትር ያህል ጎንጨት እያሉ ይጨርሱ። አንድ ሊትር በአንዴ መገልበጥም አይበጅም፤ ደረት ውስጥ ለሚሰበሰበው ደም ተጨማሪ ጫና ነው። ዚፑ ከመዘጋቱ በፊት፣ ባይወጥርዎትም፣ አንድ ጊዜ ይሽኑ።

የትኛው ዘዴ ለየትኛው ጠለቃ

ከአንድ ሰዓት ለማያልፍ ጠለቃ ብዙ ሰው ምንም ሳይጠቀም ይወጣል። በሁለት ጠለቃዎች መካከል ሱቱን ላለማውለቅ የሚፈልግ ደግሞ ፊት ለፊት የሽንት ዚፕ ያለው ሱት ይበቃዋል። ይህ ዚፕ የሚከፈተው ከውሃ ውጭ ብቻ ነው። ሲዘጉት የውስጥ ልብስ ክር ወይም ጠርዝ እንዳይነክስ በጣት እየገፉ ይዝጉ፤ የመጨረሻዎቹ ጥርሶች ሳይገጥሙ ከቀሩ ውሃው የሚገባው በዚያች ቀዳዳ ነው። እንደገና ውሃ ከመግባትዎ በፊት ጓደኛዎ በዓይኑ ይይልዎት።

ከ1 እስከ 2 ሰዓት ለሚፈጅ፣ አልፎ አልፎ ለሚደረግ ጠለቃ የአዋቂ ዳይፐር በቂ ነው። ከዚያ በላይ ለሚቆይ፣ ወይም በየሳምንቱ ቀዝቃዛ ውሃ ለሚገባ ሰው ፒ-ቫልቭ (ሽንቱን በቱቦ ከሱቱ ውጭ የሚያፈስስ መስመር) ያስፈልጋል። ለዋሻና ለጥልቅ ቴክኒካል ጠለቃ ክርክሩ ገና ዱሮ ተዘግቷል።

ዳይፐር ቀላል ይመስላል እንጂ የራሱ ዘዴ አለው። እሽጉ ላይ የተጻፈው የመያዝ አቅም ምንም ሳይጫነው የተለካ ነው። ሱቱ በውሃ ግፊት ሲጨምቀው የጠጣውን መልሶ ይተፋል። ስለዚህ ከመሽናትዎ በፊት ሱቱ ውስጥ ትንሽ ጋዝ ይጨምሩ፣ ጨመቃው ይላላል። በአንድ ጊዜ አይልቀቁት፤ 100 ሚሊ ሊትር ያህል ሸንተው ለአንድ ደቂቃ ያህል ቆም ይበሉ፣ የመጠጫው ንጣፍ እስኪስበው ይጠብቁ፣ ከዚያ ይቀጥሉ። በደረትዎ እንደተንሳፈፉ ከሸኑ ሽንቱ ንጣፉን ሳይነካ በሆድ በኩል ወደ ወገብ ይሮጣል፤ ስለዚህ ከወገብ በላይ ቀና ይበሉ። ወንዶች አቅጣጫውን ወደ ታች አድርገው ይልበሱ። በእግር ዙሪያ ያሉት ቀጫጭን ጠርዞች ወደ ውስጥ ከታጠፉ ግድቡ ፈርሷል ማለት ስለሆነ ሲለብሱ በጣት ዙሪያውን አውጥተው ያቁሟቸው። የሚለጠፍ ሳይሆን እንደ ሙታንታ የሚለበሰው ዓይነት በእንቅስቃሴ አይላላም። ከወጡ በኋላ ወዲያው አውልቀው በውሃና በሳሙና ይታጠቡ፤ ቆዳ የሚቆስለው በሽንቱ ብቻ ሳይሆን በሰዓታት እርጥበትም ነው።

ፒ-ቫልቭ ምንድን ነው

ሽንቱን ከሰውነት ተቀብሎ በቀጥታ ወደ ውጭው ውሃ የሚያፈስስ መስመር ነው። ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፦ በሰውነት ላይ የሚጣበቀው ተቀባይ (ለወንድ የኮንዶም ካቴተር፣ ለሴት የሲሊኮን ጽዋ)፣ ቱቦ፣ በጣት የሚፈታና የሚገጠም ማያያዣ፣ በሱቱ ጭን ላይ ተበስቶ የተገጠመው ቫልቭ፣ በቫልቩ ውስጥ ደግሞ ሽንት እንዲወጣ ፈቅዶ ውሃ እንዳይገባ የሚከለክል የአንድ አቅጣጫ የላስቲክ መክደኛ።

ቫልቩ ሁለት ዓይነት ነው፤ ልዩነታቸውን ሳያውቁ መጥለቅ ሰውነትን ይጎዳል። ቱቦው 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 8 ሚሊ ሜትር የውስጥ ስፋት ቢኖረው 30 ሚሊ ሊትር ያህል አየር ይይዛል። 10 ሜትር ላይ ግፊቱ እጥፍ ስለሚሆን ያ አየር ወደ 15 ሚሊ ሊትር፣ 30 ሜትር ላይ ወደ 7.5 ይኮማተራል። የጎደለውን ቦታ የሚሞላ ነገር ከሌለ ካቴተሩ ወደ ውስጥ ይመጠጣል፣ ያጠለቀውንም አካል አብሮ ይመጥጠዋል። ያማል፤ ደም ሊያስቋጥርም ይችላል።

ሚዛናዊው ፒ-ቫልቭ ይህን በራሱ ይፈታዋል። ከሱቱ ውስጥ ጋዝ ወደ መስመሩ የሚያስገባ ሁለተኛ ትንሽ መግቢያ አለው፤ እርስዎ ሲወርዱ ሱቱ ውስጥ የሚጨምሩት ጋዝ መስመሩንም ያስተካክለዋል። ሚዛናዊ ያልሆነው ግን ይህ መግቢያ የለውም። እሱን የሚጠቀም ሰው ገና ላይ፣ ከ2 ወይም 3 ሜትር በታች ሳይወርድ፣ ጥቂት ሸንቶ ቱቦውን በፈሳሽ መሙላት አለበት። ፈሳሽ አይጨመቅም፤ ቱቦው በፈሳሽ ከተሞላ ምጠጣው አይኖርም። የዋጋው ልዩነት ይህን ራስ ምታት አያክልምና አዲስ የሚገዛ ሰው ሚዛናዊውን ይግዛ።

ቫልቩን ሱት ላይ መግጠም

ይህን ሥራ የሱት ጠጋኝ ቢሠራው ይመረጣል፤ የቦታው ምርጫ ግን የለባሹ ነው። የሚለብሱትን ወፍራም የውስጥ ልብስ ሁሉ ለብሰው፣ ሱቱን ደርበው፣ መታጠቂያውንና ክብደቱን አስረው ቆመው ይዩ፤ ከዚያ ይቀመጡ፣ ይንበርከኩ፣ ቁጢጥ ይበሉ። በጭኑ ላይ ከብሽሽት ወደ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ፣ በፊት ወይም በውጭ ጎን፣ እጅዎ ሳይቸገር የሚደርስበትን ነጥብ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። የጭን ኪስ ክዳን፣ የብሽሽት ማሰሪያ፣ የስኩተር (ውሃ ውስጥ ጠላቂን የሚጎትት ሞተር) ገመድና ጎን ላይ የሚንጠለጠል ሲሊንደር ነጥቡን እንዳይነኩት ያረጋግጡ። ከስፌት መስመር ቢያንስ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ስፌት ላይ የተቀመጠ ቫልቭ መቼም ሙሉ በሙሉ አይገጥምም።

ቀዳዳው አምራቹ ከሰጠው ልክ በላይ አይስፋ። በስለታም ክብ መብሻ አንድ ጊዜ መብሳት ይሻላል፤ በመቀስ የተቆረጠ ጠርዝ ጥርስ ያወጣና ከዚያ መተርተር ይጀምራል። ስስ ጨርቅ ያለው ሱት ከውስጥ በኩል ክብ ማጠናከሪያ ጨርቅ ይለጠፍበት። ሙጫው እንዲደርቅ አምራቹ የጻፈውን ሰዓት ሙሉ ይጠብቁ፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ሙሉ ቀን ነው። ከዚያ የአንገትና የእጅ ማኅተሞቹን (ውሃ እንዳይገባ የሚያጠብቁትን ጠርዞች) ደፍነው ሱቱን በአየር ይንፉና ቫልቩ ዙሪያ የሳሙና ውሃ ይቀቡ። አረፋ ከታየ የውስጡ ዳዶ በደንብ አልጠበቀም ወይም ማኅተሙ ተጣሟል።

የውስጥ ልብሱንም አይርሱ። ቱቦው የሚያልፍበት ትንሽ ቀዳዳ ይበሱና ጠርዙን እንደ ቁልፍ ማስገቢያ ይስፉት። በፊት ዚፑ በኩል ማሳለፍም ይቻላል፣ ግን በዚፑ ጥርስና በጨርቁ መካከል ቱቦው እንዲቆለመም ዕድል ይሰጣል።

ዋናው ሥራ ካቴተሩ ላይ ነው

ፒ-ቫልቭ "አልሠራልኝም" ከሚሉት አብዛኞቹ የሚናገሩት ስለ ቫልቩ ሳይሆን ልኩ ስላልሆነ ካቴተር ነው። ልክ ያልሆነ ወይም በቸልታ የተለጠፈ ካቴተር ውሃ ውስጥ ይፈታል፣ ከዚያ በኋላ ያለው መስመር ሁሉ ዋጋ የለውም።

የኮንዶም ካቴተር በሚሊ ሜትር ስፋት ይሸጣል፤ ከ25 ጀምሮ እስከ 41 አካባቢ ይደርሳል። አምራቾች የወረቀት መለኪያ ይሰጣሉ። ልኩ የሚወሰደው ዘና ባለበት ሁኔታ፣ በመሀሉ ላይ ነው። በሁለት ልክ መካከል ከወደቁ ጠበብ ያለውን ይምረጡ፤ ሰፊው ይሸበሸባል፣ ሽብሽቡም ለሽንት የተከፈተ ቦይ ይሆናል። እዚህ ላይ ኩራት ተጠቃሚውን ያርሰዋል፤ ከሚያስፈልገው ልክ በላይ የገዛ ሰው ትርፉ እርጥብ ጭን ነው። ላቴክስ የማይስማማው ሰው የሲሊኮኑን ይውሰድ፤ ሲሊኮኑ የሚያሳይ ስለሆነ ቆዳውንም ለመቆጣጠር ያመቻል። ጫፉ ላይ ጠንከር ያለ አንገት ያለው ዓይነት ሲዞር አይታነቅም፤ ስስ አንገት ያለው ግን አንዴ ከተጠመዘዘ ሽንቱን ወደ ኋላ ይመልሰዋል።

አለጣጠፉ እንዲህ ነው፦

1. ፀጉሩን ከዋዜማው በመቀስ ያሳጥሩ። በምላጭ መላጨት ጥቃቅን ጭረት ይተዋል፤ ጭረቱ ለጀርም በር ነው።

2. በሳሙናና በውሃ ታጥበው በደንብ ያድርቁ። ቅባት፣ ሎሽን፣ ፓውደር ምንም አይቀቡ፤ ሙጫው የሚይዘው ንጹሕ ደረቅ ቆዳ ብቻ ነው።

3. በሞቀ ክፍል ወይም መኪና ውስጥ ይለጥፉት። በቀዝቃዛ ቆዳ ላይ ሙጫው አይነቃም፣ አካሉም ተሰብስቦ ልኩ ይዛነፋል።

4. መሀሉ የተቀደደ ወረቀት ከሥሩ ላይ አጥልቀው ፀጉሩን ወደ ኋላ ይያዙበት። ካቴተሩ ከተለጠፈ በኋላ ወረቀቱን ቀደው ያውጡት።

5. ያልተገረዘ ሰው ሸለፈቱን በተፈጥሮ ቦታው ይተወው፤ ወደ ኋላ ስቦ አይለጥፍበት፣ እዚያው አብጦ ሊታነቅ ይችላል።

6. ጫፉ ላይ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ትተው ካቴተሩን ሳያሸበሽቡ ወደ ሥሩ ያንከባልሉት። ክፍተቱ ከጠበበ ሥጋው ቀዳዳውን ይደፍነዋል፣ ከሰፋ ደግሞ ይጠመዘዛል።

7. ዙሪያውን በመዳፍ ለ15 ሰከንድ ያህል ጨብጠው ያሙቁት። ብዙ ሰው የሚዘልለው ይህንን ነው፤ ሙጫው ግን በሙቀት ነው የሚይዘው። ከዚያ ሱት ሳይለብሱ ጥቂት ደቂቃ ይታገሡ።

8. ጠበብ ያለ የውስጥ ሱሪ ይልበሱና አቅጣጫውን ወደ ታች አድርገው ቱቦውን ያገናኙ። ማያያዣው "ጠቅ" ማለት አለበት፤ ከዚያ ቀስ ብለው ይሳቡት። አንዳንዱ ማያያዣ ሳይገጥም በራሱ የሚዘጋ ነው፤ ግማሽ የገባ እንደሆነ መስመሩ ደፍኖ ይቀራል፣ ሽንቱም ካቴተሩን ገፍቶ ያወልቀዋል።

ቱቦውን ጭኑ ላይ በሚለጠጥ ማሰሪያ ይያዙት፤ ከማሰሪያው በላይ ግን ሲንበረከኩ እንዳይስበው ቱቦውን በበቂ ሁኔታ ላላ አድርገው ይተዉት። ሱቱን ከለበሱ በኋላ ሦስት ጊዜ ቁጢጥ ብለው ይነሡ። የሚስብ ወይም የሚቆነጥጥ ነገር ካለ አሁኑኑ ይክፈቱት፤ ውሃ ውስጥ አይስተካከልም።

ለሴቶች

ለሴቶች የተሠራው ተቀባይ ከለስላሳ ሲሊኮን የተቀረጸ፣ በአካሉ ቅርጽ ላይ የሚያርፍ ጽዋ ነው፤ በሕክምና ሙጫ ይለጠፋል። በብዛት የሚታወቀው ሺ-ፒ የተባለው ነው። ከኮንዶም ካቴተር የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ መጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ማፍሰሳቸውም የተለመደ ነው።

ጠርዙ የሚያርፍበት ቦታ ሁሉ ፀጉር አልባ መሆን አለበት። የሚላጩ ከሆነ ቢያንስ አንድ ቀን ቀደም ብለው ይላጩ፤ ትኩስ ጭረት ላይ ሙጫ ያቃጥላል። ሙጫውን በጠርዙ ዙሪያ ሳያቋርጥ በስሱ ይቀቡ፣ አምራቹ በጻፈው ደቂቃ ልክ ጣት ላይ የሚሳብ እስኪሆን ይጠብቁ፣ ከዚያ ይለጥፉ። እርጥብ እያለ የተለጠፈ ይንሸራተታል። ብዙ ጊዜ የሚያፈስሰው ከታችና ከኋላ ያለው ጠርዝ ነው፤ ስለዚህ መለጠፍ የሚጀመረው ከዚያ፣ በጣት ለረጅም ጊዜ የሚያዘውም እዚያው ነው። ጠበቅ ያለ የውስጥ ሱሪ ላዩ ላይ ሲለበስ ጽዋውን ይይዘዋል። ቱቦው ከጽዋው ሲወጣ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ መታጠፍ የለበትም፤ ሲቀመጡ ይታነቃል። ጽዋው ውስጥ ያለው የአየር ቦታ ከካቴተር የሰፋ ስለሆነ ከሚዛናዊ ቫልቭ ጋር ብቻ ይጠቀሙበት። ሲያወልቁ በሙጫ ማስለቀቂያና በሞቀ ውሃ እያራሱ ነው፤ መንጨት ቆዳ ይገፍፋል።

መጀመሪያ ቤት ውስጥ

ካቴተሩም ሆነ ጽዋው የሚፈተነው በመታጠቢያ ቤት ነው። ለጥፈው፣ ቱቦውን ባልዲ ውስጥ ጨምረው፣ ውሃ ጠጥተው ይጠብቁ። ቆመው ይሽኑ፣ ተቀምጠው ይሽኑ፣ በመጨረሻ በሆድዎ ተኝተው ይሞክሩ። የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል። ከሕፃንነት ጀምሮ ልብስ ላይና በተኛበት ላለመሽናት የሠለጠነ ሰው አእምሮው "እዚህ አይሆንም" ይለዋል፣ ፊኛውም ይዘጋል። ይህ ክልከላ የሚሰበረው በልምምድ ነው። 5 ሜትር ውሃ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ብዙ ጊዜ ወጥሮት ሳለ አይወጣለትም።

ውሃ ውስጥ

ቫልቩ የሚዘጋና የሚከፈት ከሆነ ካቴተሩ ከተገናኘበት ሰዓት ጀምሮ ክፍት ይሁን፤ ከጓደኛዎ ጋር በምታደርጉት የመጨረሻ ፍተሻ ውስጥ "ፒ-ቫልቭ ተገናኝቷል፣ ክፍት ነው" የሚል መስመር ይጨምሩ። ሳያገናኙ የሚጠልቁበት ቀን ግን ይዝጉት፣ ወይም የቱቦውን ጫፍ በመክደኛው ይድፈኑ። የአንድ አቅጣጫው መክደኛ አንዲት ክር ወይም የደረቀ የሽንት ጨው ከያዘ ውሃው በዚያ ቱቦ ገብቶ ጭንዎ ላይ ይፈስሳል።

እስኪወጥር አይጠብቁ። ስሜቱ ገና ሲጀምር ይሽኑ። ሞልቶ የሚለቀቅ ፊኛ በጉልበት ስለሚገፋ ቱቦው ሊያሳልፍ ከሚችለው በላይ ይልካል፤ ትርፉ ወደ ኋላ ተመልሶ ሙጫውን ያላቅቃል። አካልዎን አግድም አድርገው፣ ቫልቩ ያለበትን ጭን በትንሹ ወደ ላይ ያዘንብሉ። ቀጥ ብለው ሲቆሙ የሱቱ ጋዝ ወደ ትከሻ ይሸሻል፣ ጭኑ ላይ ያለው የውጭ ግፊት ደግሞ ይበልጣል፤ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ 0.01 ባር ያህል። ትንሽ ቢመስልም ሽንቱ የሚወጣው ይህንን አሸንፎ ነው። ሱቱ እግርዎ ላይ ከተጣበቀ ጋዝ ይጨምሩ፤ የተጨፈለቀ ቱቦ አያሳልፍም።

ቀስ ብለው በቀጭኑ ይልቀቁት፣ እየተነፈሱ። ብዙ ሰው በዚህ ሰዓት ሳያውቀው ትንፋሹን ይይዛል፣ ከዚያ ጥልቀቱ ይለዋወጣል። የዲኮምፕሬሽን ቆይታ ላይ ከሆኑ ዓይንዎን ከጥልቀት መለኪያው አያንሡ፤ ከተቻለ የወረደ ገመድ ይያዙ። ጭኑ ላይ የሚያልፍ ሙቀት ይሰማዎታል፤ ያ ቱቦው ነው። ሙቀቱ ብሽሽት ላይ እየተስፋፋ ከቆየ ግን ካቴተሩ ተፈትቷል። ያቁሙ፣ ፊኛው ካልቻለ ደግሞ በትንሽ በትንሹ ይልቀቁና ጠለቃውን በጊዜ ይጨርሱ።

ሲወርዱ መመጠጥ ከተሰማዎት 1 ወይም 2 ሜትር ከፍ ይበሉ፣ ሱቱ ውስጥ ጋዝ ይጨምሩ፣ ጥቂት ይሽኑ። ካልለቀቀዎት ጠለቃው እዚህ ያበቃል። የሚዛናዊ ቫልቭ ምጠጣ ካመጣ የጋዝ መግቢያው በጨው ወይም በውስጥ ልብስ ክር ተደፍኗል ማለት ነው። ሲወጡ የሚያጋጥመው የተገላቢጦሹ ነው፦ 30 ሜትር ላይ በመስመሩ ውስጥ የነበረ 30 ሚሊ ሊትር ጋዝ ላይ ሲደርስ 120 ይሆናል። መውጫው ከተዘጋ ያ ጋዝ ካቴተሩን ይነፋል፣ ወደ ሽንት መስመርም ሊገባ ይችላል። ስለዚህ በመውጣት ላይ ቫልቩን የመዝጋት ልማድ አይኑርዎት።

ከውሃ ከወጡ በኋላ

ቱቦው ውስጥ የቀረ ሽንት አለ፣ መፈታቱ ላይ ይፈስሳል። ከመቀመጥዎ በፊት ቆመው ለአንድ ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፣ ወደ ቫልቩ ይውረድ። ፎጣ ከሥር ይዘው ማያያዣውን ይፍቱ። ካቴተሩን በሞቀ ውሃ እያራሱ ወደ ፊት ያንከባልሉት። አንዴ የወጣ ካቴተር ይጣላል እንጂ አይታጠብም። ሳይወልቅም ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይ።

ቫልቩና ቱቦው ግን ይቀራሉ፤ የሽንት መስመር ኢንፌክሽን የሚፈለፈለውም እዚያ ነው። የአውስትራሊያው ሐኪምና የዋሻ ጠላቂ ሪቻርድ ሃሪስ በ2009 በጠለቃ ሕክምና መጽሔት ላይ በፒ-ቫልቭ ተጠቃሚዎች ላይ የታዩ ኢንፌክሽኖችንና የግፊት ጉዳትን ዘግቧል። እርጥብ፣ ሞቃትና ጨለማ ቱቦ በቦርሳ ውስጥ ለሳምንት ሲቀመጥ ጀርሙ ያድርበታል፤ በሚቀጥለው ጠለቃ መስመሩ በቀጥታ ወደ ሰውነት ያመራል።

በጠለቃው ዕለት በ60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ለብ ያለ የሳሙና ውሃ ከውስጥ ወደ ውጭ ሦስት አራት ጊዜ ይግፉ። የሽንት ጨው የተጋገረ እንደሆነ ነጭ ኮምጣጤ ከውሃ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅለው ለ15 ደቂቃ ያቆዩበትና በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁ። ከዚያ አምራቹ የሚፈቅደውን ጀርም ገዳይ እንደ መመሪያው ያስገቡ፣ በንጹሕ ውሃ ደጋግመው ያጥቡት፣ አየር በሲሪንጅ እየነፉ ያድርቁት። በረኪና የሚጠቀም ሰው ከኮምጣጤው ጋር ፈጽሞ አያገናኘው፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ የሚመርዝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በረኪናው ላቴክስ የአንገት ማኅተም ላይ እንዳይንጠባጠብም ይጠንቀቁ። ቱቦው ርካሽ ስለሆነ ሲደበዝዝ ወይም ሲሸት ማጠቡን ትተው ይቀይሩት። የላስቲክ መክደኛውን አልፎ አልፎ ፈትተው ጠርዙን በብርሃን ይዩ፤ የተጠቀለለ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ በአዲስ ይተኩት።

ሱቱ ውስጥ ከፈሰሰ እግሮቹን ገልብጠው ለብ ባለ ውሃና በቀላል ሳሙና ያጥቡ፣ ከፀሐይ ራቅ አድርገው ገልብጠው ይስቀሉ። የውስጥ ልብሱ በዚያው ቀን ካልታጠበ ሽታው ከዚያ በኋላ አይለቅም።

ሐኪም የሚፈልጉ ምልክቶች

ሲሸኑ ማቃጠል፣ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጀርባ ወይም የቆለጥ ሕመም፣ ደም ወይም አረፋ ያለው ሽንት ከታየ በዚያው ቀን ሐኪም ያማክሩ፤ ፒ-ቫልቭ መጠቀምዎንም ይንገሩ፣ ብዙ ሐኪም መሣሪያውን ላያውቀው ስለሚችል። እስኪድኑ ድረስ ካቴተር አይለጠፍም።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም ይለያል። ከጠለቃ በኋላ ፊኛዎ ሞልቶ ሳለ ሽንት ጨርሶ እምቢ ካለ፣ በተለይ እግር ከደነዘዘ፣ ከዛለ ወይም የወገብ ሕመም ከተጨመረ፣ ጥፋቱን በካቴተሩ አያሳብቡ። ይህ የዲኮምፕሬሽን ሕመም የሕብለ ሰረሰርን መንካቱን የሚያሳይ ምልክት ሊሆን ይችላል። ሰውየውን አስተኝተው 100 ፐርሰንት ኦክስጅን ይስጡት፣ ድንገተኛ ሕክምና ይጥሩ፣ መጨረሻ የሸናበትን ሰዓትም ጽፈው ለሐኪሙ ይስጡ።